በሰው አገር መንገድ፣ በሰው አገር ሕግ

በጥቅምት 1909 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ መንግሥታት ተወካዮች ፓሪስ ተሰብስበው የሞተር ተሽከርካሪዎችን የአገር ለአገር ዝውውር የሚመለከት ስምምነት ፈረሙ። ድንበር የሚሻገር መኪና የመጣበትን አገር የሚለይ ፊደል ያለበት፣ 30 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ነጭ ሰሌዳ ከኋላው እንዲለጥፍ አዘዙ። ሞተር ብስክሌት ግን ይህን የሚያክል ቦታ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ለእሱ 18 በ12 የሆነች ትንሽ ሰሌዳ ለብቻዋ ለኩለት፤ የፊደሏም ቁመት 8 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። ሞተር ብስክሌት ከተራ ብስክሌት ገና እምብዛም ባልራቀበት በዚያ ዘመን፣ ሕግ አውጪዎቹ ባለሞተሩ ድንበር እንደሚሻገር አስበው ቦታ ሰጥተውታል። ዛሬ በሞተር አገር ለአገር ስለሚዞሩ ሰዎች የሚጻፈውና የሚቀረጸው ግን ይህን የታሪኩን ክፍል ይዘለዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ሞተር፣ ማለቂያ የሌለው መንገድ ይታያል፤ ሕግና ወረቀት ብቅ ካሉም እንደ እንቅፋት ነው። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። በሰው አገር በሞተር መዞርን ለተራው ሰው የተቻለ ነገር ያደረገው ሕግ ነው፤ የዚያም ሕግ እምብርት ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ አንድ ውል ነው። አስተናጋጁ አገር መንገደኛውን እንደገና ላይፈትነው፣ ሞተሩንም እንደ አዲስ ላይመዘግብበት ይስማማል፤ መንገደኛው ደግሞ በዚያ አገር መንገድ ላይ እስካለ ድረስ የዚያን አገር ሕግ ሊያከብር ይገባል።

የውሉን ዋጋ ለማወቅ ከእሱ በፊት የነበረውን ማየት ይበቃል። ፈረንሳይ ከ1899 ጀምሮ፣ ብሪታንያ ከ1904 ጀምሮ ስለ አሽከርካሪና ስለ ተሽከርካሪ ምዝገባ በየፊናቸው ደንግገው ነበር፤ የአንዱ ወረቀት ግን በሌላው ዘንድ ዋጋ አልነበረውም። የ1909ኙ ስምምነት ይህን ችግር ለአንድ ዓመት በሚያገለግል ዓለም አቀፍ የጉዞ ወረቀት ፈታው። በምላሹ የተጠየቀው ግዴታም በግልጽ ተጽፏል። አሽከርካሪው የሚገኝበትን አገር የመንገድ ሕግና ደንብ ማክበር አለበት፤ የሕጉም ፍሬ ነገር ድንበር ላይ በጉምሩክ ቢሮ ሊሰጠው ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ስምምነቱ ያላደረገውን ነገር ነው፤ ለአውሮፓ ሁሉ የሚሆን አንድ ወጥ የመንገድ ሕግ አላወጣም። የጋራ ያደረገው በጣም ጥቂቱን ነው፤ ከነዚያ መካከል አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ይገኛሉ፦ ጎርባጣ መንገድ፣ ጠመዝማዛ፣ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ። ቋንቋውን ለማያውቅ እንግዳ እንዲሆኑ በሥዕል እንጂ በቃል አልተሠሩም። እነዚህ አደጋዎች መኪናን ካንገጫገጩት ይልቅ ሁለት ጎማ የጣሉት እንደሚበዛ ሞተር የነዳ ሁሉ ያውቃል፤ እርጥብ ሐዲድን አግድም የረገጠ ጎማ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አያስፈልግም።

መጀመሪያ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ታላላቆቹ ተጓዦች ማንን ፈቃድ ጠየቁ? አሜሪካዊው ካርል ስተርንስ ክላንሲ በ1912 መገባደጃ ከደብሊን ተነስቶ በሄንደርሰን ሞተር ዓለምን ዞረ፤ በነሐሴ 1913 ኒውዮርክ ሲገባ ወደ 29,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነድቶ ነበር። ቴሬዛ ዋላክና ፍሎረንስ ብሌንኪሮን የተባሉ ሁለት ሴቶች በታኅሣሥ 1934 ከለንደን ተነስተው፣ ጎንዮሽ ጋሪና ተጎታች በገጠሙለት 600 ሲሲ ፓንተር ሰሃራን አቋርጠው በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ኬፕታውን ደረሱ። ለጀብዱ ወዳዶች እነዚህ ስሞች ሕግ ባልነበረበት ዘመን ሰው ነጻ እንደነበር ማስረጃ ይመስላሉ። ነገር ግን ክላንሲ የተነሳው የፓሪሱ ስምምነት ሥራ ላይ በዋለ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ በሞተሩ የተጓዘባቸው ፈረንሳይና ስፔንም ፈራሚዎች ነበሩ። ዋላክና ብሌንኪሮን ደግሞ የበለጠ ያስተምራሉ፤ አልጄሪያ ሲደርሱ የፈረንሳይ ባለሥልጣናት በረሃውን እንዲያቋርጡ እስኪፈቅዱላቸው መጠበቅ ነበረባቸው። ሕጉ መልስ በማይሰጥበት ቦታ የሰፈነው ነጻነት አልነበረም፤ የአንድ ሹም በጎ ፈቃድ ነበር። በጎ ፈቃድ ደግሞ ለጋዜጠኛ፣ ለፈረንጅ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ለያዘ ሰው ይገኛል፤ ለማንም የማይታወቅ መካኒክ ሞተሩን አስነስቶ ሲመጣ ግን ላይገኝ ይችላል። የጀብደኞቹ ዘመን የጥቂቶች ዘመን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመንዳት ፈቃዱ ሌላ፣ ከዚያም ይበልጥ መንግሥታትን የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነበር፤ ቀረጥ። ሞተር ብስክሌት መንገደኛውን የሚሸከም እንስሳ ቢመስልም በጉምሩክ ዓይን ዕቃ ነው፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ ገበያ ላይ ሊሸጥ ይችላል። ለዚህ የተገኘው መላ ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባለው ደብተር ነው። እያንዳንዱ ገጹ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ሞተረኛው አገሩ ሲገባ የጉምሩክ ሠራተኛው የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከብረቱ ላይ እያነበበ ከደብተሩ ጋር ያመሳክርና የመግቢያውን ክፍል ቀዶ ያስቀራል፤ ሲወጣ የመውጫውን ክፍል ሌላው ይቀድዳል፤ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ጉርድ ከደብተሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ያ ጉርድ ሞተሩ ወጥቷል የሚል ምስክር ነው። መውጫው ሳይመታበት የተመለሰ ሰው ቀረጥና መቀጮውን የሚጠየቀው በአገሩ በዋስትና ያስያዘውን ገንዘብ በያዘው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በኩል ነው። እንደ ግብፅ ላሉ አገሮች የሚጠየቀው ዋስትና ከሞተሩ ከራሱ ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ጊዜም ነበር። በ1954 ኒውዮርክ ላይ የተፈረመው የጉምሩክ ስምምነት ይህን ልማድ በሕግ አጸናው። ብዙ ሞተረኞች ደብተሩን ይረግሙታል፤ እኔ ግን ከሁሉ ወረቀቶች በላይ የማከብረው እሱን ነው። የማያውቁትን እንግዳ ከነሙሉ ንብረቱ ያለ ቀረጥ ማስገባት ትልቅ መተማመን ነው፤ ያንን መተማመን በጉርድና በማኅተም መግዛት ከተቻለ ርካሽ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከመንገዱ ዳር የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የውሉ ሌላኛው ጫፍ፣ የአገሩን ሕግ አክብሮ መንዳት፣ የሚፈተነው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ከፈተናዎቹም ሁሉ ግራና ቀኝን የሚያክል የለም። የፓሪሱን ውል የተከተሉት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች በዚህ ጉዳይ የወሰዱት አቋም የሚገርም ነው። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነትም ሆነ የ1968ቱ የቪየና ስምምነት ዓለም በየትኛው በኩል ይንዳ የሚለውን አልወሰኑም፤ የጠየቁት አንድ አገር በግዛቱ ባሉ መንገዶች ሁሉ አንድ ጎን እንዲይዝ ብቻ ነው። የሚመርጠው አገሩ ነው፤ እንግዳው ይከተላል። ከካይሮ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ ይህን በደንብ ያሳያል። እስከ 1964 አጋማሽ ድረስ ግብፅ በቀኝ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኬንያ በግራ ይነዱ ስለነበር ጎን መለወጫው ግብፅና ሱዳን የሚዋሰኑበት ቦታ ነበር። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ወደ ቀኝ ስትዞር መለወጫው ሦስት ቦታ ሆነ፤ ከግብፅ ወደ ሱዳን ሲገባ፣ መተማ ላይና ሞያሌ ላይ። ሱዳን በነሐሴ 1973 ቀኙን ስትይዝ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጠፉ፤ ሞያሌ ብቻዋን ቀረች። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን በጥቅምት 1973 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ለመዞር ከለንደን ተነስቶ በ1974 መጀመሪያ በሱዳን በኩል ኢትዮጵያ ሲገባ፣ መተማ ላይ ጎን መለወጥ ቀርቶ ገና ወራት ብቻ ነበር የሆነው። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢነሳ ኖሮ በዚህ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ መገልበጥ ይጠብቀው ነበር። በካርቱምና በአዲስ አበባ የተወሰነ ነገር፣ ውሳኔውን ያልሰማ የለንደን ሰው እንዴት እንደሚነዳ ወሰነ።

ጎን መለወጥ ለሞተረኛ ከባለ መኪናው የተለየ ፈተና ነው። ባለ መኪናው በተቃራኒው ጎን የተገጠመለት መሪ መኪናው ለሌላ አገር መሠራቱን በእያንዳንዷ ደቂቃ ያስታውሰዋል፤ የሞተር እጀታ ግን መሐል ላይ ነው፣ በግራም በቀኝም ያው ነው። የሚያስታውስ ነገር የለም። መብራቱ ብቻ ያሳብቃል፤ ለግራ አነዳድ የተሠራ የፊት መብራት ጨረሩን ወደ ግራ ዳር ከፍ አድርጎ ስለሚያበራ በቀኝ በሚነዳበት አገር ከፊት የሚመጣውን ዓይን ይወጋል። ስህተቱም የሚመጣው በተጨናነቀ ከተማ አይደለም፤ እዚያ የሌላው ተሽከርካሪ ጎርፍ ይዞ ይወስዳል። የሚመጣው ጠዋት ከማደያ ወጥተው ባዶ መንገድ ሲያገኙ ነው፤ እጅ የለመደውን ይሠራል። እዚህ ላይ ሕግ አክባሪነት የጨዋነት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የልማድን ጡንቻ በሐሳብ የመግራት ሥራ ይሆናል። ስዊድን በመስከረም 1967 መላ አገሩን በአንድ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞር ለወራት የቆየ ዘመቻ አካሂዳለች፤ ድንበር የሚሻገር ሞተረኛ ያንን ዘመቻ በራሱ ላይ ብቻውን ያካሂዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የበረታ ነው። በወረቀት የተጻፈውን ሕግ ማክበር ምን ይጠቅማል፣ የመንገዱ እውነተኛ ሕግ ሌላ ከሆነ? ካይሮ ወይም ዴልሂ ላይ የመስመር ቀለሙ የሚናገረውን የሚሰማ የለም፤ ጡሩምባው ነው ሕጉ ይባላል። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። ብሪታንያ ውስጥ ሹፌር የፊት መብራቱን ብልጭ ሲያደርግልህ ብዙ ጊዜ እለፍ ማለቱ ነው፤ በጣሊያንም በእኛም አገር ግን መጣሁብህ፣ አትግባ ማለት ነው። ይህ በሁለቱም በኩል ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ያላወቀ ግን ይሞትበታል። ስለዚህ እንግዳው ሁለት ሕግ መማር አለበት ቢባል እስማማለሁ። የማልስማማው ልማዱ የተጻፈውን ይሽረዋል ሲባል ነው። ልማድ የሚገዛው ሁሉም ነገር በሰላም እስካለ ድረስ ነው። ግጭት የደረሰ ዕለት ትራፊኩ መጥቶ ኖራውን ሲያሰምርና ሜትሩን ሲዘረጋ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚነዳው የሚለውን መልስ መዝገብ ላይ የሚያሰፍርለት አያገኝም። የአገሬው ሰው ዘመድ፣ ሽማግሌ፣ ቋንቋ አለው፤ እንግዳው ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። የተጻፈው ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ቢባልም፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለባይተዋሩ ነው።

ይህም የኢንሹራንስን ጉዳይ ያመጣል፤ የውሉ ክፍል ሆኖ ብዙ የማይወራለት። አውሮፓ በ1953 ሥራ ላይ ያዋለችው የአረንጓዴ ካርድ ሥርዓት አንድ ሰው በአገሩ የገዛው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላው አገር ሕግ መጠን ካሳ እንዲከፍል ያደርጋል። በምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ከ1987 ጀምሮ ያለው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም በውስጡ አሉ። ካሳው የሚሰላው አደጋው በደረሰበት አገር ሕግ መሆኑ የውሉን መንፈስ በደንብ ያሳያል። እንግዳው የመጣበትን አገር የካሳ ልክ ይዞ አይመጣም። መድኑ ግን የሚጸናው ነጂው በሕጉ ዓይን ነጂ ሆኖ ሲገኝ ነው፤ እዚህ ላይ የመንጃ ፈቃዱ ሸለቆ አለ። የጄኔቫው ስምምነት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ያገለግላል፤ የቪየናው እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል፤ ሁለቱ ደግሞ በሁሉም ዘንድ አይተካኩም። ጃፓን የምትቀበለው የጄኔቫውን ብቻ ስለሆነ ጀርመናዊ ሞተረኛ የአገሩን መንጃ ፈቃድ ወደ ጃፓንኛ አስተርጉሞ ይዞ ይሄዳል። ቬትናም በ2014 የተቀላቀለችው የቪየናውን ነው፤ አሜሪካ የምትሰጠው ደግሞ የጄኔቫውን ነው፤ ስለዚህ ሃኖይ ላይ ሞተር የሚከራይ አሜሪካዊ ቱሪስት ያ ግራጫ ደብተር በኪሱ እያለ በሕግ ፊት መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ነው። የመኪና ፈቃድ ብቻ ያለውማ በሁለቱም ስምምነት ቢሆን አያዋጣውም፤ ሞተር ሁልጊዜ «ኤ» ምድብ ነው፣ ማኅተሙም ለብቻው ይመታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሕጎቹን ጥበብ ይጠራጠራል። ጃፓን ከ1965 ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 2005 ድረስ በፈጣን መንገድ ላይ በሞተር ሰው ማፈናጠጥ ከልክላ ነበር። ደቡብ ኮሪያ እስከ ዛሬ ሞተር ብስክሌት ፈጣን መንገድ እንዳይገባ ትከለክላለች። በካሊፎርኒያ በተጨናነቁ መኪኖች መሐል ሰንጥቆ ማለፍ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ የኔቫዳን ድንበር ሲሻገሩ ያስቀጣል፤ ሎስ አንጀለስና ላስ ቬጋስን የሚያመላልሱ ወገኖቻችን በአራት ሰዓት መንገድ ውስጥ ሁለት ሕግ ያያሉ። ሄልሜትማ ጭራሽ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1961፣ ብሪታንያ በ1973 ግዴታ አደረጉት፤ ብሪታንያ በ1976 ጥምጥም ለሚጠመጥሙ ሲኮች ነጻነት ሰጠች። በአሜሪካ በ1975 ከሃምሳው ግዛቶች 47ቱ ያስገድዱ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ኮንግረሱ ግዛቶቹን የሚያስገድደውን ጫና ሲያነሳ ብዙዎቹ ሕጋቸውን አላሉት። ከእነዚህ ሁሉ ትክክለኛው አንድ ከሆነ ሌሎቹ ተሳስተዋል ማለት ነው፤ እንግዳው የተሳሳተውንም ያክብር? አዎ፣ ያክብር። የጃፓኑን ክልከላ ሞኝነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ያነሱት ጃፓኖች ናቸው፣ በምክር ቤታቸው፣ የውጭ ሞተር ሻጮች ለዓመታት ሲጎተጉቱ ቢቆዩም። ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው በሕጉ ላይ ድምፅ አልሰጠም፤ ሕጉ ቢላላ የሚጨምረውን ሬሳ ግን የሚቀብረው እሱ አይደለም። ደግሞም እያንዳንዱ እንግዳ የመሰለውን ሕግ ብቻ የሚያከብር ከሆነ፣ አስተናጋጁ ያለ ፈተና የሚያስገባበት ምክንያት አይኖረውም። ቻይና ዓለም አቀፉን መንጃ ፈቃድ አትቀበልም፤ የራሱን ሞተር ይዞ የሚመጣ የውጭ ዜጋም አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣትና በአስጎብኚ መታጀብ ይጠበቅበታል። ውል የሌለበት ጉዞ ምን እንደሚመስል ለማየት እዚያ መሄድ ይበቃል።

የሚቀረው ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ የማልመልሰው ነው። ውሉን የጻፉት ኃያላን ናቸው፤ ቅኝ ግዛቶች የገቡበት በገዢያቸው ፊርማ ነው። የኬንያ ተሽከርካሪ ድንበር ሲሻገር እስከ ዛሬ «ኢ.ኤ.ኬ» የሚል የላቲን ፊደል ይለጥፋል፤ የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ዘመን ትራፊ ነው። የቪየናው ስምምነት የሰሌዳ ቁጥር በላቲን ፊደልና በተለመደው አኃዝ እንዲነበብ ይጠይቃል፤ የእኛ ሰሌዳ ከግዕዙ ፊደል አጠገብ ላቲኑን ይዟል። ግብፅ ግን ለሚገባ የውጭ ሞተር ሁሉ በዓረብኛ የተጻፈ ጊዜያዊ ሰሌዳ እያሰረች ፖሊሷ በራሱ ፊደል እንዲያነብ ታደርጋለች፤ መንገደኞች ይማረሩበታል፣ እኔ ግን ሙሉ መብቷ ነው እላለሁ። ከፊደሉ የሚብሰው ቪዛ ነው። ስምምነቶቹ ለሞተሩና ለመንጃ ፈቃዱ እኩልነት ሰጡ እንጂ ለሰውየው አልሰጡም፤ የአዲስ አበባ ሞተረኛ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ሆኖ የአውሮፓ ኤምባሲ በር ላይ ይቀራል። ይህ ግን ውሉ ገና አለመስፋቱን ያሳያል እንጂ መጥፎ መሆኑን አያሳይም። በደቡብ በኩል ነገሩ ከፈት ያለ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፣ ቢጫ ካርዱ ከመድን ድርጅት ይገዛል፣ ለዓመታት በኮረኮንችነቱ ሞተረኛ ያስለቅስ የነበረው የሞያሌና የማርሳቢት መንገድም አስፋልት ሆኗል። ስለዚህ የእኛ ሰው በቀላሉ በሞተር የሚደርስበት የውጭ አገር፣ የመሻገሪያውን ኬላ እንዳለፈ ወዲያው ወደ ግራ መያዝ የሚጀምርበት አገር ነው።